አምበል፣ ሻምበል፣ እንደራሴ

ሐርጌሳ ተቀምጠን ስለ እንግሊዝ ዘመን ስናወራ ቶሎ የሚነሱት ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን በእንግሊዞች ላይ ያደረጉት ተጋድሎ፣ የግመል ጦሩና የሐውድ ግጦሽ ናቸው። ሹማምንቱ ራሳቸው ከምን ዓይነት ቤት እንደ ወጡ፣ ልጅ ሳሉ ምን እየተማሩና ምን እየተጫወቱ እንዳደጉ ግን ብዙም አንጠይቅም። ይህ ማብራሪያ ከእነሱ አንዱን ይከተላል። ፍሬድሪክ ጆን ናፒየር ቴሲጀር ይባላል፤ በማዕረግ ስሙ ሎርድ ቼልምስፎርድ ነው። የታወቀ ክሪኬት ተጫዋች፣ የጦር መኮንን፣ በኋላም የህንድ እንደራሴ ነበር። ሐርጌሳን የገዛ ሰው አይደለም። አባቱ ግን መቅደላ ላይ ነበር፣ ወንድሙ አዲስ አበባ ላይ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆኖ ስለ ሶማሌላንድ ሲጨነቅ ኖሯል፣ እሱ ይገዛው ከነበረው አገር የመጣ ጦርም እዚህ ተዋግቷል። ስለዚህ ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ዓ.ም. ካልተጻፈበት በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባላባትነቱ ከየት መጣ?

ቴሲጀሮች ከጥንት ጀምሮ ርስት የያዙ የእንግሊዝ መሳፍንት አልነበሩም። የዘር ሐረጋቸው ከጀርመን አገር፣ ከሳክሶኒ ከመጣ ሰው ይመዘዛል። የቼልምስፎርድ ባሮንነት ለቤቱ የተሰጠው በ1858 ሲሆን ተቀባዩ የልጁ አያት ነው። በጥብቅና ሥራ ተነስቶ በዚያ ዓመት ሎርድ ቻንስለር፣ ማለትም የፍርድ ሥርዓቱ የበላይ ሹም ሆነ። ፍሬድሪክ ኦገስት 12 ቀን 1868 ለንደን ውስጥ ሲወለድ ማዕረጉ ገና የ10 ዓመት ዕድሜ ነበረው።

እንዲህ ያለ አዲስ ባላባት ልጆቹን ከነባሮቹ ጋር የሚቀላቅልበት መንገድ ትምህርት ቤት ነበር። ፍሬድሪክ ወደ ዊንቸስተር ተላከ፤ ከዚያ ኦክስፎርድ፣ ሞድሊን ኮሌጅ ገባ። ሁለቱም ቦታ መጽሐፉም ሜዳውም ሆነለት። ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1888 እስከ 1890 ተጫወተ፤ በመጨረሻው ዓመት የቡድኑ አምበል ነበር። ለሚድልሴክስ አውራጃም እስከ 1892 ድረስ ተሰልፏል።

ክሪኬት ለማያውቅ አንባቢ

ሐርጌሳም ሆነ አዲስ አበባ ልጅ ሁሉ የሚያሳድደው እግር ኳስን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ክሪኬት በሁለት ቡድኖች መካከል፣ 11 ለ11 ሆኖ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ከሰፊው መስክ መሐል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የተደለደለ መስመር አለ፤ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል። ወርዋሪው ጠንካራ የቆዳ ኳስ አንጥሮ ወደ እንጨቶቹ ይልካል፤ መቺው በጠፍጣፋ ዱላ እየመታ ይከላከላል። ኳሷ ርቃ ስትሄድ ከጫፍ ጫፍ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። እንጨቱ ከተመታበት ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ከጨዋታው ይወጣል።

በዚያ ዘመን አንድ ታላቅ ግጥሚያ ሦስት ቀን ይወስድ ነበር። ይህ ሁሉ ጊዜ በአምበሉ እጅ ነው። ማን ይወርውር፣ ማን የት ይቁም፣ መቼ ይጠቃ፣ መቼ ይጠበቅ፣ የሚወስነው እሱ ነው። ከመስመር ውጭ ቆሞ እየጮኸ የሚያዝ አሠልጣኝ የለም። እንግሊዞች "አምበልነትን የቻለ ሰው አገርም ያስተዳድራል" ወደሚል እምነት የደረሱት በዚህ ነው።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መቺው ኳሷ እንጨቱን እንዳትመታ በእግሩ የጋረደ መሆኑ ቢያጠራጥር ተቃራኒዎቹ ዳኛውን ጮክ ብለው ይጠይቃሉ። ዳኛው ጣቱን ካላነሳ ማንም ማንንም ከሜዳ ማስወጣት አይችልም። ተከሳሽ ያለ ዳኛ ቃል አይወጣም ማለት ነው። ወደዚህ ሕግ በኋላ እመለሳለሁ።

በሜዳው ውስጥ የነበረው አጥር

ጨዋታው ፍትሐዊ ነው እየተባለ የሚነገርለትን ያህል ተጫዋቾቹ እኩል አልነበሩም። ያለ ደመወዝ የሚጫወተው "ጨዋ" ሲባል፣ ለእንጀራው የሚጫወተው "ተጫዋች" ብቻ ይባል ነበር። በብዙ ቦታ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍልና ወደ ሜዳ የሚገቡበት በር የተለያየ ነው። በታተመው የአሰላለፍ ወረቀት ላይ እንኳ የጨዋው የስም ምሕጻር ከቤተሰብ ስሙ በፊት፣ የቅጥረኛው ደግሞ በኋላ ይጻፍ ነበር። ወረቀቱን ያየ ሰው ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። አምበልነቱም በአብዛኛው የጨዋዎቹ ድርሻ ነበር። ይህ ክፍፍል በይፋ የቀረው በ1962 ነው።

ከዚህ አጥር ውስጠኛ ወገን ብዙ ገዥ ወጥቷል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረው ሎርድ ሃሪስ የቦምቤይ ገዥ ሆነ። በ1905 ብሔራዊ ቡድኑን የመራው ስታንሊ ጃክሰን ቤንጋልን ገዛ። ለሰሴክስ የተጫወተው ሎርድ ዊሊንግደን ከ1931 ጀምሮ የህንድ እንደራሴ ነበር። በጎረቤታችን በሱዳንም እንግሊዞች ለፖለቲካ አስተዳደሩ ወጣት ሲመለምሉ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ስፖርት ስሙ የተጠራውን ይመርጡ ነበር። ቼልምስፎርድ በዚህ ሰልፍ ውስጥ አንዱ ነው።

አባትየው መቅደላ ላይ

"ናፒየር" የሚለው የመካከል ስሙ ወደ እኛው ታሪክ ይወስደናል። አባቱ፣ የአያቱ ስም ያለው ፍሬድሪክ ቴሲጀር፣ ወደ ጦር ሠራዊቱ የገባው በ1844፣ የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ በሚገዛበት ዘመን ነው። በ1867 እና 1868 ጀኔራል ሮበርት ናፒየር ከህንድ ተነስቶ በዙላ በኩል ኢትዮጵያ ሲገባ፣ ይህ መኮንን የዘመቻው ምክትል አጁታንት ጀኔራል ነበር። 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና አገልጋይ፣ 44 ዝሆን ያለው ሠራዊት ትእዛዙና መዝገቡ በእንዲህ ያሉ መኮንኖች እጅ ነው የሚሄደው።

መቅደላ የወደቀችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ልጁ የተወለደው ከዚያ አራት ወር ያህል ቆይቶ ነው፤ የአዛዡ ስም ለምን እንደወጣለት ለመገመት አያስቸግርም።

በዚያው ዓመት ሌላ ልጅም እንግሊዝ አገር ደርሷል። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እሱም በቼልተናምና በረግቢ፣ እንደነ ፍሬድሪክ ባሉ ልጆች ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተላከ። ኖቬምበር 14 ቀን 1879፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ፣ ሄዲንግሊ ላይ ሞተ። ሁለቱም የአንድ ጦርነት ስም የተሸከሙ ልጆች ናቸው። አንዱ በአሸናፊው ጀኔራል ስም ተጠርቶ በአገሩ በሩ ሁሉ ተከፈተለት፤ ሌላው እናት አባቱን፣ አገሩንና ቋንቋውን አጥቶ እዚያው ቀረ። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ልቤን የሚነካው የዓለማየሁ ዕድሜ ነው።

በዚያው በ1879 ጃንዋሪ አባትየው ቼልምስፎርድ በደቡብ አፍሪካ ጦር እየመራ ነበር። ሰፈሩን ከፍሎ ሲሄድ ዙሉዎቹ ኢሳንድልዋና ላይ የቀረውን ጦር ደመሰሱት፤ ከ1,300 በላይ ሰው አለቀ። በኋላ ዙሉዎቹን ኡሉንዲ ላይ ቢያሸንፍም ስሙ ከዚያ ሽንፈት አልተላቀቀም። በ1905 ሲሞት ማዕረጉ ለልጁ ተላለፈ።

ከሻምበልነት ወደ ዙፋን

ልጁ ማዕረጉን በወረሰበት ዓመት የአውስትራሊያዋ የኩዊንስላንድ ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ ከ1909 እስከ 1913 ደግሞ ኒው ሳውዝ ዌልስን አስተዳደረ። ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ ግን በዶርሴት ክፍለ ጦር 4ኛ ሻለቃ ውስጥ ሻምበል ነበር። ይህ የበጎ ፈቃደኞች ሻለቃ መደበኛውን ጦር ለግንባር ለማስለቀቅ ወደ ህንድ ተላከ፤ ሻምበሉም አብሮ ዘመተ። ሁለት አገር ያስተዳደረ ሎርድ በሲምላ ኮረብታ አጠገብ መቶ አለቆችን እያዘዘ ሰነበተ።

ከዚያ የሆነው በየትኛውም የጦር ሠራዊት የዕድገት መዝገብ ላይ የሚገኝ አይደለም። በ1916 መጀመሪያ ሻምበሉ የህንድ እንደራሴ እንዲሆን ተመረጠ፤ በኤፕሪል ሥልጣኑን ተረከበ። ትናንት ሰላምታ የሚሰጣቸው ጀኔራሎች ዛሬ ለእሱ ሰላምታ ሰጡ። ሹመቱ ግን ከሐዘን አላዳነውም። የበኩር ልጁ በ1917 መሶጶጣምያ ላይ ቆስሎ ሞተ።

ወንድሙ በአዲስ አበባ

ለእኛ በጣም ቅርብ የሆነው ክፍል ይህ ነው። የእንደራሴው ታናሽ ወንድም፣ ሻምበል ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር፣ በቦር ጦርነት የተሸለመ መኮንን ሲሆን በ1909 መጨረሻ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆኖ ኢትዮጵያ ገባ። ባቡሩ ያኔ ድሬዳዋ ላይ ያበቃ ነበርና ከሚስቱ ጋር እስከ አዲስ አበባ በበቅሎ ተጓዘ። ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ሌጋሲዮን፣ ማለትም ከሚኒስትሩ መሥሪያ ቤትና መኖሪያ፣ ጎጆ ቤቶች በአንዱ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ በኋላ በበረሃ ተጓዥነቱ ዓለም ያወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እሱ ነው።

ሚኒስትሩን ካስጨነቁት ጉዳዮች ዋናው ሶማሌላንድ ነበር። የዚያን ጊዜው የኢትዮጵያ ገዥ ልጅ ኢያሱ ወደ ሐረርና ጅጅጋ እየተመላለሱ ከሶማሌ መሪዎች ጋር ይወዳጁ ነበር። ለሰይድ መሐመድም መሣሪያ ላኩላቸው፤ ጠመንጃ የሚጠግን ኤሚል ኪርሽ የተባለ ጀርመናዊም ሄደ። ይህ ሰው ከሰይድ ሠፈር አምልጦ ሲመለስ በውኃ ጥም ሞተ። እንግሊዝ ከጀርመንና ከቱርክ ጋር በምትዋጋበት ጊዜ ይህ በርበራ ለነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ትልቅ ስጋት ነበር። በሴፕቴምበር 1916 የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሚኒስትሮች ለኢትዮጵያ መንግሥት የጋራ ማስታወሻ አቀረቡ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው ታወጀ። ያወረዷቸው የሸዋ መኳንንት የየራሳቸው ብርቱ ምክንያት ነበራቸው፤ ነገሩን ሁሉ ለውጭ ሚኒስትሮች መስጠት ስህተት ነው። የቴሲጀር እጅ ግን አልጠፋም። በዚያ ቀውስ ራስ ተፈሪ፣ የኋላው ዓፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ገና ጥቂት ወራት የሆነውን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለደኅንነቱ ሲሉ ወደ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ላኩት። አንድ አባት የሚጠባ ሕፃን ለባዕድ ሚኒስትር ቤት አደራ ሲሰጥ የነገሩን ክብደት ከየትኛውም ሰነድ ይልቅ ያሳያል።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። ድሉን ተከትሎ በጃን ሜዳ የተደረገውን የሠራዊት ሰልፍ የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ አየው። በለምድና በአንበሳ ጎፈር ያጌጠው ፈረሰኛ፣ ከበሮው፣ የተማረኩት ንጉሥ በሰንሰለት ሲያልፉ፤ ሕይወቴን የቀረጸው ያ ቀን ነው ሲል ኖሯል። በ1918 ቤተሰቡ ወደ ህንድ ሄዶ እንደራሴውን አጎት ጎበኘ። አንዱ ወንድም አዲስ አበባ፣ ሌላው ዴልሂ፤ ቀይ ባሕርን ከሁለት በኩል የሚመለከቱ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ።

ኤፕሪል 13

አሁን ወደ ዳኛው ጣት እንመለስ። ጦርነቱ አልቆ ህንድ የደከመችበትን ዋጋ ስትጠብቅ፣ የቼልምስፎርድ መንግሥት በማርች 1919 የሮውላት ሕግ የተባለውን አጸደቀ። በምክር ቤቱ የነበሩት ህንዳውያን በሙሉ ተቃውመውታል። ሕጉ በዐመፅ የተጠረጠረን ሰው ያለ ፍርድ ለማሰር ያስችላል። በሜዳ ላይ ያለ ዳኛ ቃል አንድ መቺ እንኳ እንዳይወጣ ተደርጎ ያደገ ሰው፣ ያለ ዳኛ የሚያሳስር ሕግ ላይ ፈረመ። እኔ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ይህ ነው እላለሁ፤ የተከተለው እልቂት ከዚህ የመጣ ነውና።

ጋንዲ አገሩን ለተቃውሞ ጠራ። ኤፕሪል 13 ቀን 1919 አምሪትሳር ከተማ፣ ጃሊያንዋላ ባግ በተባለ ግንብ የከበበው ሜዳ ውስጥ ሺዎች ተሰብስበው ሳለ ጀኔራል ዳየር ያለ ማስጠንቀቂያ ተኩስ አዘዘ። መውጫው ጠባብ ነበር። 10 ደቂቃ ያህል 1,650 ጥይት ተተኮሰ። መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር 379 ነው፤ የህንድ ኮንግረስ ግን 1,000 ገደማ ሰው ሞቷል ብሏል። ራቢንድራናት ታጎር ከእንግሊዝ ንጉሥ የተቀበለውን የ"ሰር" ማዕረግ የመለሰው ለቼልምስፎርድ በጻፈው ደብዳቤ ነው።

ዕለቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መቅደላ የወደቀችበት ቀን 51ኛ ዓመት ነበር። አጋጣሚ ነው፤ ከአጋጣሚ በላይ ትርጉም አልሰጠውም። ልጆች ግን ሁለቱን ቀኖች አብረው እንዲይዟቸው አደርጋለሁ።

ለሰውየው የሚገባውን መንፈግ አይቻልም። ከህንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከኤድዊን ሞንታጉ ጋር ያዘጋጀው ማሻሻያ በ1919 ሕግ ሆኖ፣ በክፍላተ ሀገር ትምህርትንና ጤናን የመሰሉ ጉዳዮችን ለተመረጡ ህንዳውያን ሚኒስትሮች አስተላልፏል። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ እጅ ድምፅ፣ በሌላው እጅ እስር ቤት የሰጠ መንግሥት ማን ያምነዋል?

ህንድ እዚህ ድረስ

ሐርጌሳ ላይ ህንድ ሩቅ አገር አልነበረችም። እንግሊዞች ግብፆች ሲወጡ፣ በ1884፣ የሶማሌን ጠረፍ ሲይዙ አስተዳደሩ ለኤደንና ለቦምቤይ ነበር ተጠሪነቱ፤ እስከ 1898 ድረስ ከህንድ በኩል ተገዛ። ከዚያ በኋላም በገበያው የሚሠራው ገንዘብ እስከ ሁለተኛው ዓለም ጦርነት የህንድ ሩፒ፣ በፍርድ ቤት የሚጠቀሰውም የህንድ የወንጀል ሕግ ነበር። ሐርጌሳ ራሷ ያኔ በሼኽ መደር ዙሪያ የተሰባሰበ የሃይማኖት ሠፈርና ከበርበራ ወደ ጅጅጋና ሐረር የሚሄድ ቅፍለት የሚያርፍባት መንደር ነበረች። ዋና ከተማ የሆነችው ከ1941 በኋላ ነው።

በጃንዋሪ 1920 እንግሊዝ በሰይድ መሐመድ ላይ የመጨረሻውን ዘመቻ ከፈተች። ውሳኔው የለንደን ነበር። 12 አውሮፕላኖች ሠፈራቸውን ደበደቡ፣ በፌብሩዋሪም የታሌህ ምሽግ ወደቀ፤ በምድር ከተዋጉት መካከል ከእንግሊዞቹ የግመል ጦር ጋር ከቼልምስፎርድ ህንድ የመጣው የ101ኛው ግሬናዲየርስ ጦር ይገኝበታል። ሰይድ መሐመድ ወደ ኦጋዴን ሸሹ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢሚ ላይ በበሽታ ሞቱ። አዲስ አበባ ላይ ስለ እሳቸው ብዙ ደብዳቤ የጻፈው ዊልፍሬድ ጊልበርትም ይህን አላየም፤ ዘመቻው በተጀመረበት በጃንዋሪ 1920 እንግሊዝ አገር በልብ ድካም አረፈ።

ከሥልጣን በኋላ

ቼልምስፎርድ በ1921 ህንድን ለቀቀ፤ ቪስካውንት የሚለው ከፍ ያለ ማዕረግ ተሰጠው። በማግሥቱ ዓመት የክሪኬትን ሕግ የሚያወጣው የሜሪልቦን ክለብ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1924 ደግሞ ብዙዎች ባልጠበቁት ሁኔታ በመጀመሪያው የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥት የባሕር ኃይል ሚኒስትርነትን ያዘ። ኤፕሪል 1 ቀን 1933 ሞተ።

በዚያው ዓመት የወንድሙ ልጅ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲደፉ በግብዣቸው የተገኘው ዊልፍሬድ፣ የአዋሽን ፍጻሜ ፍለጋ ወደ አፋር ምድር ተነሳ፤ በ1934 ወንዙ አቤ ሐይቅ ሲገባ አየ። በ1941 ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር በጎጃም በኩል ገብቶ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጎን ተዋጋ። የተሸለመው አጊባር ላይ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን በሰጠበት ዘመቻ ነው።